ከ60 በኋላ «በእግር መሄድ» ብቻውን ይበቃል? ስለ ጭን ጉልበት፣ ስለ ጾምና ስለ ክኒን ሰዓት

ፊዚዮ_ጉለሌ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ዕድሜያቸው 60 ላለፈ ሰዎች ሁሉ የሚሰጥ አንድ ምክር አለ፤ «በእግር ይሂዱ»። ክፉ ምክር አይደለም። ለልብም፣ ለስኳርም፣ ለእንቅልፍም ይበጃል። ችግሩ እዚያ ላይ ማብቃቱ ነው። ሜዳ ላይ መራመድ ጭንን ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያሠራው። በዕድሜ ቀድሞ የሚከዳው ደግሞ ከወንበር የሚያነሳው፣ ደረጃ የሚያስወጣው፣ ሲደናቀፉ ደግፎ የሚያስቀረው የጭን የፊት ጡንቻና የመቀመጫ ጡንቻ ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት እየተራመደ ሶፋውን በሁለት እጁ ሳይገፋ የማይነሳ ሰው ሞልቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ሦስት ነገር ይጠይቃል። በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ማጠናከሪያ፣ ዕድሜው 65 ለሞላ ሰው ደግሞ በሳምንት 3 ቀን ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

ከመጀመር በፊት ይለኩ። መቀመጫው ከወለል 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ወንበር ጀርባውን ግድግዳ አስደግፈው ያስቀምጡ። ሁለት እጅ ደረት ላይ ይጣመር። በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተነሱ ይቆጠር፤ ሙሉ በሙሉ ቆሞ መቀመጥ እንደ አንድ ይቆጠራል። እጅ ከተደገፈ ውጤቱ ዜሮ ነው። ቁጥሩ በየዕድሜው ከሚከተለው በታች ከሆነ የእግር ጉልበት ደክሟል፣ የመውደቅ ዕድልም ጨምሯል ማለት ነው፦

60–64፦ ወንድ 14፣ ሴት 12
65–69፦ ወንድ 12፣ ሴት 11
70–74፦ ወንድ 12፣ ሴት 10
75–79፦ ወንድ 11፣ ሴት 10
80–84፦ ወንድ 10፣ ሴት 9

ልምምዱም ፈተናው ራሱ ነው፤ መነሳትና መቀመጥ። 8 ጊዜ፣ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና 8 ጊዜ። በሳምንት 3 ቀን፣ በመሀል አንድ ቀን እያሳረፉ። 12 ጊዜ ሳይከብድ መሥራት ሲቻል ቁጥር ከመጨመር ክብደት መጨመር ይሻላል፤ ውሃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ደረት ላይ አቅፎ መነሳት። ያ ሲቀል ሁለት ሃይላንድ፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለ ወንበር።

የሚበላሸው የት ነው? አብዛኛው ሰው ሲነሳ ይጠነቀቃል፣ ሲቀመጥ ግን ዱብ ይላል። ግማሹ ጥቅም ያለው አወራረዱ ላይ ነው፤ በልብ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ ይውረዱ። አጥንቱ ለሳሳ ሰው ዱብ ማለት ለጀርባ አጥንትም አደጋ ነው። ሌላው እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ ለመነሳት መታገል ነው። ተረከዝ ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ ካልገባ ወጣትም አይነሳም። ትንፋሽ ማፈን ደግሞ ግፊትን በአንድ ጊዜ ያስወነጭፋል፤ ሲነሱ ማስወጣት፣ ሲቀመጡ ማስገባት ነው።

የሺ_ማርያም · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ጉልበታቸው የሚቆረቁማቸውና ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ የሚልባቸው እናቶችስ? ይህ ነገር የባሰ አይፈጨውም?

ፊዚዮ_ጉለሌ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

እህቴ፣ ድምፁ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ሕመም የሌለው ቀጭታ ለሐኪም የሚያስሮጥ አይደለም። የጉልበት መገጣጠሚያ ሲሳሳ ደግሞ ዋናው ሕክምና ራሱ ጭንን ማጠንከር ነው፤ ጡንቻው የማይሸከመውን መገጣጠሚያው ይሸከመዋልና።

ልኩን በሕመሙ ይወስኑ። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቢያስቀምጡት እስከ 5 ድረስ መሥራት ይቻላል፤ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው የባሰ ካነከሱ ልምምዱን አያቁሙ፣ ወንበሩን ከፍ ያድርጉ። ጠንካራ ትራስ ወይም በአራት የታጠፈ ብርድ ልብስ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ይጨምራል፣ ለውጡም ወዲያው ይታወቃል። ጉልበቶች ወደ ውስጥ እንዳይገናኙም ይመልከቱ፤ ሁለተኛው የእግር ጣትና ጉልበት በአንድ መስመር ይሁኑ። ጉልበቱ ካበጠና ከጋለ፣ ወይም ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ግን መጀመሪያ ይታይ።

ከመጠን በላይ ክብደት ላለው ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር፤ የቀነሰው እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያወርዳል።

ንፍሮና_ሽሮ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ፊዚዮ ስለ ምግብ ስላላነሳ ልጨምር። ጡንቻ ከልምምድ ብቻ አይሠራም። ለአረጋውያን የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው፤ 65 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ65 እስከ 78 ግራም። በፍስክ እንቁላል (በአንዱ 6 ግራም)፣ ወተት (በአንድ ብርጭቆ 8 ግራም ገደማ) እና ሥጋ ስላለ አያስቸግርም። ጥያቄው የጾሙ ወቅት ነው።

«ሽሮ እየበላሁ ነው» የሚለውን በቁጥር እንየው። 30 ግራም የሽሮ ዱቄት 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ቀጠን ብሎ የተሠራ ወጥ ውስጥ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ዱቄት ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ወጡ ሲቀጥን ፕሮቲኑም አብሮ ይቀጥናል። ከእንጀራው ክብደት ደግሞ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። ጤፍ ፕሮቲን አለው (100 ግራም ዱቄት ውስጥ 12 ግራም ገደማ)፣ ሆኖም ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። እሱን የሚሞላው ጥራጥሬ ነው፤ እንጀራ በምስር የሚበላው ለጣዕም ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ፍሬው የሚታይ ነገር ይብዛ። የተቀቀለ ምስርና ሽምብራ በ100 ግራም 9 ግራም ገደማ፣ ባቄላ 8 ግራም ገደማ አላቸው። አንድ መካከለኛ ሳህን (200 ግራም) የሽምብራና የባቄላ ንፍሮ ብቻውን 16 ወይም 17 ግራም ነው፤ ሦስት ጊዜ ከሚቀርብ ቀጭን ሽሮ ጋር ይስተካከላል። አዚፋ፣ እልበት፣ ቡቲቻ፣ ፉል ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ኦቾሎኒ በ100 ግራም 25 ግራም ገደማ አለው፤ ጥርስ ለሌለው ሰው ተፈጭቶ ከበሶ ጋር ይሆናል።

ሰዓቱም ያስቸግራል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚበላ፣ 65 ኪሎ ከሆነ በአንዱ ማዕድ ከ33 እስከ 39 ግራም ማግኘት አለበት። የተለመደው ግን 9 ሰዓት ላይ በእንጀራ ሆድን ሞልቶ ማታ ሻይ በዳቦ ብሎ መተኛት ነው። እዚህ ላይ ነው ጡንቻ የሚጠፋው።

ኩላሊቱ የታመመ ሰው ይህን ሁሉ ይተወው፤ የእሱን የፕሮቲን ልክ ሐኪሙ ነው የሚወስነው።

ቀልቤሳ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

አያቶቻችን ግራምም፣ ሃይላንድም፣ 30 ሰከንድም ሳያውቁ 90 ዓመት ኖረዋል እኮ 😀

የሜዳው_ሰው · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

ቀልቤሳ፣ 90 የደረሱትን ነው የምናስታውሰው፤ በ50 የሄዱትን ማን ይቆጥራል? ግን ነጥብ አለህ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና መቁላት፣ ከመሬት ተነስቶ እንስራ መሸከም፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት በቀን ብዙ ጊዜ የሚሠራ የጭን ልምምድ ነበር። ያንን የወሰደብን ሶፋው ነው። በርጩማ ያለው ቤት አይጣለው፤ ከወንበር ለተመረቀ ሰው ቀጣዩ ክፍል እሱ ነው።

ስለ እግር ጉዞው ልጨምር። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ሲወጡ ከ3,000 ይበልጣል። ከቆላ ለመጣ ሰው ወይም ልቡ ለደከመ ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ፍጥነትን በወሬ ይለኩት፤ እያወሩ መሄድ ከቻሉ ግን መዝፈን ካቃተዎት ልኩ ነው። መዝፈን ከቻሉ ቀርፋፋ ነዎት፣ ማውራት ካቃተዎት በዝቷል።

የለመደ ሰው እየቀያየረ ይሂድ። 3 ደቂቃ ፈጠን፣ 3 ደቂቃ ዝግ፣ ይህ አምስት ጊዜ ሲደጋገም 30 ደቂቃ ይሞላል። በሳምንት 4 ቀን እንዲህ መሄድ አንድ ሰዓት ከማዝገም የተሻለ ጉልበት ይሰጣል።

ቁልቁለት ይታሰብበት። ከእንጦጦ መውረድ ለሳንባ ቀላል፣ ለጭን ግን ከመውጣቱ የከበደ ነው። ያልለመደ ሰው በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ለዚህ ነው። የመስቀል አደባባይ ደረጃም መውጣቱ ግሩም ነው፤ ሲወርዱ ግን የሚይዙት በሌለበት አይውረዱ። ክረምት ላይ ኮብልስቶን ይንሸራተታል፣ በሸበጥማ አይታሰብም። ተረከዙ የተዘጋ፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ ያድርጉ።

ፋርማሲ_ባሻገር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:10

ክኒን ለሚወስዱት ይህን ሳይነግሩ ስፖርትና ጾም ማዘዝ ትክክል አይደለም።

በጣም የሚያሳስበው ግሊበንክላማይድ ነው። ይህ የስኳር ክኒን ተበላም አልተበላም ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያወጣ ያስገድደዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ክኒኑን ውጦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው፣ በዚያ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ደርሶ መልስ የሚራመድ ከሆነ፣ እኩለ ቀን ላይ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ወጣት ሲወርድበት ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። በሽማግሌ ላይ ግን ግራ መጋባትና ምላስ መተሳሰር ብቻ ሊታይ ስለሚችል ቤተሰብ «ደክሟቸው ነው» ብሎ ያልፈዋል። የደም ስኳሩ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፣ ካልወጣ መድገም። ከዚያ ምግብ የግድ ነው፤ የዚህ ክኒን ኃይል ረጅም ስለሆነ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፣ ወደ ሕክምና ነው።

ሌላው የስኳር ክኒን ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ለዓመታት ሲወሰድ ግን ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳል። ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሚገኝና በእርጅና ጨጓራ አጣርቶ መውሰዱ ስለሚደክም፣ ብዙ የሚጾም የስኳር ታማሚ እግሩ ሲደነዝዝ «ስኳሩ ነው» ተብሎ ብቻ እንዳይታለፍ። እግሩን የማይሰማው ሰው ሚዛኑንም ያጣል።

ግፊትን በተመለከተ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ ውሃ ያስወጣሉ። ውሃ ሳይጠጡ እየጾሙ እነሱን መዋጥ ሲቆሙ ያዞራል። ቤት ውስጥ መለኪያ ካለ እንዲህ ይፈተሽ፤ 5 ደቂቃ ተኝቶ መለካት፣ ቆሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ መለካት። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪም ይነገር። ክኒን በራስ ፈቃድ አይቆምም፤ ሰዓቱና ዓይነቱ ግን ለጾሙ ተብሎ ሊስተካከል ይችላል። ስለዚህ ምክክሩ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ይሁን፣ ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር። ለረመዳንም ነገሩ ያው ነው፤ በሁለቱም እምነት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ።

ለግፊትና ለልብ የሚታዘዙትን አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው የልብ ምት እየቆጠረ ስፖርት አይሥራ፤ ክኒኑ ምቱን ስለሚይዘው ቁጥሩ ያታልላል። የሜዳው_ሰው ያለው የወሬ መለኪያ ለእሱ ይሻላል።

ተክለ_ጉልበት · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

ስግደትስ? ከመሬት ወርዶ መነሳት ስለሆነ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። በሕማማት ሰግደው ለሳምንት የሚተኙ ግን አሉ።

ፊዚዮ_ጉለሌ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ስግደት አምልኮ ነው፣ እኔ የማወራው ስለ ሰውነቱ ብቻ ነው። ጉልበት፣ ዳሌ፣ የእጅ አንጓና የእግር አውራ ጣት ሁሉም እስከ መጨረሻው ይታጠፋሉ። ዓመቱን ሙሉ ያላጠፉትን መገጣጠሚያ በአንድ ሳምንት መቶ ጊዜ ማጠፍ ነው የሚያስተኛው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ሕማማቱ የመጨረሻው ሳምንት ነው። ጾሙ ሲገባ በቀን 3 ጊዜ ጀምሮ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት የሚጨምር ሰው ሰባት ሳምንት ገደማ መዘጋጃ አለው።

መውረዱንና መነሳቱን እንዲህ ይለማመዱ፣ የማይንሸራተት ወንበር አጠገብ። ሲወርዱ አንድ እጅ ወንበሩ ላይ፣ ደካማው ጉልበት ቀድሞ መሬት ይንካ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ እጆች። ለመነሳት በአራት እግር ይሁኑ፣ ጠንካራውን እግር ወደ ፊት አምጥተው መርገጫውን መሬት ላይ ያድርጉ፣ እጅ ወንበሩን ይጫን፣ ይነሱ። ከቆሙ በኋላ ሁለት ትንፋሽ ያህል ሳይንቀሳቀሱ ይቆዩ፤ ፋርማሲ ያለው የግፊት መውረድ የሚጥለው ልክ በዚያች ቅጽበት ነው። ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ያለበት ወይም በቅርቡ የዓይን ቀዶ ጥገና ያደረገ ጭንቅላቱን ወደ መሬት ከመድፋቱ በፊት የዓይን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ይህን መልመድ ሌላ ጥቅም አለው። የወደቀ አዛውንት ሳይሰበርም መነሳት አቅቶት ወለል ላይ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። መነሻውን ሰውነቱ የሚያውቅ ሰው ግን በጎኑ ተገልብጦ፣ በክርኑ ተደግፎ፣ በአራት እግሩ ሄዶ ወንበር ይፈልጋል።

የሚዛን ልምምድ ደግሞ ጥርስ ሲፋቅ ያልቃል። የአንዱ እግር ተረከዝ የሌላውን ጣት እስኪነካ አስከትሎ መቆም፣ እጅ ለመያዝ ቅርብ ሆኖ። 10 ሰከንድ ያልቆመ ሰው የመውደቅ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ባት ላይ ለመሥራት ደግሞ ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝን 10 ጊዜ ማንሳት።

ዋልታ_ግንባታ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

እኔ የቤቱን ልናገር፣ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነውና።

መታጠቢያ ቤት መያዣ ብረት ሲተከል ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ብሎኬት ግድግዳ ላይ በተራ ፊሸር ማሰር። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸሩ የሚነክሰው የለም። ሰው እስኪጎትተው የታሰረ ይመስላል። ወይ ኮለን ላይ ይተከል፣ ወይ ረጅም ቡሎን ግድግዳውን አሳልፎ በወዲያኛው በኩል በሰፊ ላሜራ ይታሰር። ከተተከለ በኋላ አንድ ጎልማሳ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ይፈትነው። የብረቱ ውፍረት 3 ተኩል ሴንቲ ገደማ ይሁን፣ ከወፈረ እጅ አይጨብጠውም። ከግድግዳው ያለው ክፍተት 4 ሴንቲ ገደማ ይብቃው፣ ሲሰፋ ክንድ ይገባና ይሰበራል። ላቫንዲኖ መያዣ አይደለም፤ ተነቅሎ አብሮ ይወድቃል።

ከመኝታ ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ማታ የሚበራ ትንሽ መብራት ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋም አለና ባትሪ ራስጌ ይቀመጥ። ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጤማ አፈር ላይ ችግር የለውም፣ ሴራሚክ ላይ ሲረጥብ ግን እንደ ሳሙና ነው። አዛውንት ባለበት ቤት ከመተላለፊያው ፈቀቅ ተደርጎ ይጎዝጎዝ። የደረጃ ጠርዝ ላይ ቢጫ ቀለም ቢቀባ ዓይን ለደከመ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12:45

በአሜሪካ ላሉ ወላጆች ሁለት ነገር። ክረምቱን ሙሉ ቤት ስለሚዋል፣ ቆዳችንም ጠቆር ስለሚል፣ ቫይታሚን ዲ ይጎድላል። እዚህ የሚመከረው እስከ 70 ዓመት በቀን 600፣ ከዚያ በላይ 800 ዩኒት ነው። ብዙ መውሰድ የበለጠ አያጠነክርም፣ ሲበዛ ካልሲየምን በደም ውስጥ ከልክ በላይ ያወጣዋል። በረዶ ሲጥል ውጭ ከመሄድ የገበያ ማዕከል ውስጥ መራመድ ይሻላል፤ ብዙዎቹ ጠዋት ላይ ለዚህ ይከፈታሉ። ሜዲኬር አድቫንቴጅ ያላቸው ኢንሹራንሳቸው የጂም አባልነትን ይሸፍን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይሸፍናል፣ ወላጆቻችን ግን ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ይጥሉታል።

ንፍሮና_ሽሮ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:20

አዲስ አበባም ፀሐይ አለ ብለን አንዝናና። ቀኑን ቤት ውስጥ የሚውሉና ነጠላና ረጅም ልብስ የሚለብሱ እናቶች ላይ ፀሐዩ አያርፍም። ካልሲየምን ጤፍ ይረዳል፤ 100 ግራም ዱቄት 180 ሚሊ ግራም ገደማ አለው፣ እርሾውም እንዲመጠጥ ያግዛል። ከ50 ዓመት በላይ ላለች ሴት የሚመከረው 1,200 ስለሆነ ግን ብቻውን አይሞላም። ጨው ደግሞ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ፣ ዳቦውም በርበሬውም ተደምሮ። የተዘጋጀ ሽሮና በርበሬ ብዙ ጊዜ ጨው ገብቶበት ስለሚሸጥ ቀምሰው ይጨምሩ።

የሺ_ማርያም · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:00

አንድ ጊዜ እንኳን ያለ እጅ መነሳት ለማይችሉትስ ከየት ይጀመራል? ሠንጠረዡን ሲያዩ ተስፋ እንዳይቆርጡ።

ፊዚዮ_ጉለሌ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

ሠንጠረዡን አያሳዩአቸው። ከመቀመጥ ይጀመር፤ መውረድ ከመነሳት ስለሚቀል። ወንበሩ ላይ ሁለት ጠንካራ ትራስ ያድርጉ፣ ባለ ክንድ ወንበር ይሁን። በእጃቸው ተደግፈው ይነሱ፣ ከዚያ እጃቸውን ሳይደገፉ በዝግታ ይቀመጡ። 5 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። በሁለት ሳምንት ሲቀል ሲነሱ በአንድ እጅ ብቻ፣ ከዚያ በጣት ጫፍ ብቻ ይደገፉ። ከዚያ አንዱ ትራስ ይነሳ። ሲነሱ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው አልፎ ወደ ፊት እንዲሄድ ይንገሯቸው፤ ብዙዎቹን የሚያስቀምጣቸው ድካም ሳይሆን ወደ ኋላ እንደተለጠጡ ለመነሳት መሞከራቸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሰው በጎናቸው ይቁም፤ ብብታቸውን ይዞ አይጎትት፣ ትከሻ ይወልቃል። በስድስት ሳምንት ይለኩ። በመሀል ደረት ላይ የሚጨብጥ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስ መሳት ከመጣ የዚያን ቀን ሐኪም ጋ ነው።

የፕላስቲክ ወንበር ከሆነ እግሮቹ ሴራሚክ ላይ ስለሚሸሹ ግድግዳ ያስደግፉት፣ ስንጥቅ እንደሌለውም ከሥር ገልብጠው ይዩት።